ልጅቷ ያላለችው

ደሴ፣ ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ምላሴን ይቁረጠው! የእንግሊዝኛ መምህር ነህ ተብዬ ዛሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ በሠራተኞች አዳራሽ የእንግሊዝ ፊልም በማይክራፎን ወደ አማርኛ ስመልስ ዋልኩ። ፊልሙ ከመድረክ ቲያትር የተሠራ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አባትና ልጅ አንድ ሳሎን ውስጥ ሆነው ይነጋገራሉ። ንግግሩ ከተበላሸ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

ያንን ነው ያበላሸሁት። ልጅቷ እያለቀሰች «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለኸኝ አታውቅም» ስትል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ካድሬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «አድኃሪ ትበለው!» አለኝ።

እኔም ፈሪው «አንተ አድኃሪ! የጭቁኖች ክንድ ያደቅቅሃል!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ስንወጣ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የፋብሪካ ሠራተኛ እጄን ያዙኝ።

«መምህር፣ ወላሂ እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን እኔም አባት ነበረኝ። ሰው እየተሳደበ እንዲያ አያለቅስም። ልጅቱ ምን ነበር ያለችው?»

ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

«ያው ያልኩት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝና እጄን ለቀቁት።