ከምድጃው ወገን

ይድረስ ባሕር ተሻግረህ፣ ክረምቱ እንኳ ፀሐይ በሆነበት አገር ለምትኖረው ለወንድሜ ለኮልማን።

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ወገብህን የያዘህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ነው የምትሄደው? ጆይስስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ኪት የፊት ጥርሱ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ እስካሁን በቅሎለት ይሆናል። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ እንዳለ ነው፣ ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ አክስት ቢናም ጉልበቷን እየረገመች አለች። አባባም ጤነኛ ናቸው። ይህን ያዝልኝ፤ ወደ ታች የምጽፍልህን ስታነብ የሞቱ እንዳይመስልህ ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ።

ኮልማን፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። እኔ ነገሩን ካየሁት ቆይቻለሁ፣ ግን አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት አትጠይቀኝ።

የአዳራሹን ወለል ታስታውሰዋለህ አይደል? ስንደንስ የጫማችን ተረከዝ እየተሰነቀረ ያስቸግረን የነበረውን? ለ1916ቱ የደብሊን የፋሲካ አመፅ ኀምሳኛ ዓመት በዓል ሊያድሱት ብለው ጣውላውን ሲነቅሉ፣ ከመድረኩ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተገኘ። ውስጡ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት የተደራጁት የሰፈራችን ወዶ ዘማቾች መዝገብ! አዎ፣ ያ እንግሊዞች እጅ እንዳይገባ ተቃጥሏል ሲባል የኖረው። መምህር ሊዳን ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ከ1914 ጀምሮ የጻፉት፣ ጠርዙ ትንሽ ሻግቷል እንጂ ሙሉው አለ። ከኤኒስ ከተማ የቤተ መዛግብት ሰው መጣና ሣጥኑን ሲያይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ይህ አሁን የአገር ንብረት ነው፣ በዓሉ እስኪያልፍ እዚሁ ይቆይና በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ ይታይ፣ ከዚያ እኔ እወስደዋለሁ አለ።

የበዓሉ ሊቀ መንበር ባለሱቁ ታልቲ ነው። በወተት ማኅበሩ ቢሮ ታይፕ ስለምመታ እኔን ጠርቶ፣ መዝገቡን እንድገለብጥለት ሰጠኝ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለሚተከለው የእምነበረድ ሰሌዳ ስሞቹ አስቀድሞ ተቀርጸዋል፤ እኔ ፊደሉን ከመዝገቡ ጋር እንዳመሳክር ብቻ ነው የፈለገው። ሰሌዳውን የሚገልጠው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትህም። አባባ ናቸው። ያን ጊዜ ለእንግሊዝ አንዘምትም ብለው ከበሩ ወገን ከቆሙት ውስጥ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸዋ።

መጀመሪያ ላይ ብቻዬን ስስቅ ነው የዋልኩት። «ጠብመንጃ ስለሌለን አናጺው ከእንጨት ጠርቦ እንዲሰጠን ተስማማን» ይላል። «ወደ ቀኝ ዙር ሲባል ወደ ግራ የሚዞሩ አሁንም አሉ» ይላል። ቄሱ፣ በናንተ ሰልፍ ምክንያት የኳስ ሜዳው ሣር አለቀ ብለው መክሰሳቸውም አለ። ደግሞ ስማ፤ ፌስቲ ግሊን ሰልፍ ላይ በመሳቁ ተቀጣ፣ ያሳቀው ሙርቲ ሄሂር ስለሆነ እሱም አብሮ ተቀጣ ይላል። አባባ! ፌስቲ ግሊንን ያሳቁት አባባ! እኛ ስናድግ እኮ ጋሽ ፌስቲ በድልድዩ ከመጡ አባባ መንገድ ቀይረው በጭቃው ነበር የሚሄዱት። ለካ ጓደኛሞች ኖረዋል አልኩና ታይፑን አቁሜ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ቀጠልኩ።

የ1914 ሴፕቴምበር ላይ ደረስኩ። የዚያን ቀን ነገር አንተም እኔም እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ነው የምናውቀው። የአገራችን ፓርቲ መሪ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆናችሁ ጀርመንን ውጉ ብሎ ሲያውጅ ወዶ ዘማቾቹ ለሁለት ተከፈሉ። በኛ አዳራሽ እንዝመት ያሉት ከምድጃው ጎን ቆሙ፤ ክንዳችን ለገዛ አገራችን ነው ያሉት ከበሩ ጎን ቆሙ። አባባ ከበሩ ወገን፣ ፌስቲ ግሊን ከምድጃው ወገን። በዚህ ምክንያት አይደል አባባ «የንጉሥ ወታደር ልጅ የኔን ደጃፍ አትረግጥም» ብለው፣ አንተን እጅጌህን ይዘው ከቤት ያወጡህ? በዚህ አይደል አንተ የጋሽ ፌስቲን ልጅ ዊኒን ያጣሃት፣ እኔ ደግሞ አንተን ያጣሁህ?

እንግዲህ ገጹን እንዳለ ልጻፍልህ። «ሙርቲ ሄሂር ከሁሉ ቀድሞ ወደ ምድጃው ሄደ። ፌስቲ ግሊን ባመነታ ጊዜ ሙርቲ ተመልሶ እጅጌውን ይዞ ወሰደው።» ይኸው ነው።

ክው አልኩ። ሌላ ሙርቲ ሄሂር ይኖር ይሆናል ብዬ ከፊትም ከኋላም አገላበጥኩ፤ የለም። ከበሩ ጎን የቆሙትን መምህር ሊዳን አንድ በአንድ ጽፈዋቸዋል፣ አባባ የሉበትም። ገልጬ ገልጬ በተከታዩ ዓመት ጸደይ ላይ አገኘኋቸው፤ «ሙርቲ ሄሂር ተጸጽቻለሁ ብሎ መጣ፤ ተቀበልነው» ይላል። ያኔ ጋሽ ፌስቲ ፈረንሳይ አገር የጦር ምሽግ ውስጥ ነበሩ። የሚያነክሱት እግር እዚያ የቆሰለው ነው።

ለታልቲ ወስጄ አሳየሁት። አነበበና ፊቱ ቀላ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዴሊያ፣ ሣጥኑ ውስጥ እኮ አይጥ ገብታ ነበር። አንዲት ገጽ በልታ ብትገኝ ማን ይከሳታል?» አለኝ። «አይጧ ማን ናት፣ አንተ ነህ እኔ?» አልኩት። የሰፈሩን ስም ልታሰድቢ ነው፣ የአባትሽን ሽበት አታዋርጂ እያለ እስከ ብስክሌቴ ድረስ ተከተለኝ።

ቤት ስገባ አባባ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፈው የነጻነት ታጋይ ሜዳሊያቸውን ይወለውላሉ። ሰላም እንኳ ሳልል አነበብኩላቸው። እጃቸው ቆመ። ድንች የምትልጠው አክስት ቢና ናት ቀና ሳትል፣ «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው አዲስ? የኛ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» ያለችው። ኮልማን፣ ከመዝገቡ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ሁሉም ያውቃል! ታልቲ ሱቅ ደጃፍ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ እነዚያ በየፋሲካው አባባን ትከሻቸውን መታ መታ የሚያደርጉት፣ ሁሉም! የማናውቀው እኛ ልጆቹ ብቻ ነበርን። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» ብዬ ጮኽኩ። «ማን ጠየቀን?» አለችኝና ሌላ ድንች አነሳች።

አባባ ሜዳሊያውን አስቀምጠው ተናገሩ። ከፌስቲ ጋር አብረው ሊዘምቱ ተማምለው ነበር። መሄጃቸው ሲደርስ አያታችን በሩ ላይ ተኝተው ረግጠኸኝ እለፍ አሏቸው፣ ቀሩ። ፌስቲ ብቻቸውን ሄዱ። በኋላ የደብሊኑ አመፅ መጣ፣ ከበሩ ጎን የቆመ ሁሉ ጀግና ተባለ። አንድ ቀን ቢራ ቤት ውስጥ አንዱ ሙርቲም ከበሩ ነበር አለ። «አዎ አላልኩም፤ ግን አልነበርኩምም አላልኩም» አሉ አባባ። እሺ፣ ኮልማንስ ምን አደረገ? ዊኒስ? አልኳቸው። ሜዳሊያውን በጨርቁ ጠቀለሉት። «ሠርግ ላይ ሰው ይጠጣል። የጠጣ ሰው ደግሞ ያወራል» አሉኝ።

ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እኔ ኮቴን ሳልደርብ ነው በዝናቡ የወጣሁት። አንተን የሚያህል ልጅ ካገር ያስወጡት ለአገር ክብር መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካ አንድ ሰካራም በሠርጋችሁ ላይ አፉ እንዳያመልጠው ነው!

ቀጥ ብዬ ግሊኖች ቤት ሄድኩ። ዊኒ እጇ በዱቄት ተሞልቶ ሊጥ ታቦካለች፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለበዓል ተዘግቷል። ጋሽ ፌስቲ ነገሩን ስነግራቸው፣ «ያ መጽሐፍ አልተቃጠለም እንዴ?» አሉ፤ ሌላ አልገረማቸውም። እንዴት ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ይላሉ አልኳቸው። «ልጄ፣ አባትሽ እጅጌዬን ነው የያዘኝ፣ እግሬን አይደለም። የሄድኩት በገዛ እግሬ ነው። ደግሞ ከጦርነቱ ስመለስ የንጉሥ ወታደር ነው ብለው ቤቴን ሊያቃጥሉ ነዳጅ ይዘው መጡ። ደጄ ላይ ቆሞ የመለሳቸው ሙርቲ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?» አሉኝ።

እኔ እንባዬ መጣ። ዊኒ ግን አላለቀሰችም። ነጭ ሆነች፣ ከዱቄቱ የማትለይ። እሷም እንደኛው አታውቅም ነበር። «የሙርቲን ውለታ የመለሱት በኔ ነው ማለት ነው?» አለቻቸው። ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች፤ በዝናቡ ወደ ባሕሩ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ሽማግሌው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ላጽናናቸውም አቃተኝ፣ ትቼያቸው ልሄድም አቃተኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሁለቱም ሽማግሌዎች አንጀቴ አርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ አባባ አላናገሩኝም። ገጹ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነግሬያቸዋለሁ፤ አውጪው አላሉኝም፣ ተይውም አላሉኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ አዳራሹ ፊት ተሰበሰበ። ሙዚቀኞቹ ከኤኒስ መጥተዋል። ታልቲ የዕቃ ሣጥን ላይ ወጥቶ፣ ከበሩ ወገን የቀሩልን የመጨረሻው ጀግና ሙርቲ ሄሂር ብሎ ጠራቸው። አባባ ወጡ፣ ሰሌዳውን የሸፈነውን መጋረጃ ገመድ ያዙ። ከዚያ ለቀቁት።

ወደ ሕዝቡ ወረዱ። ሰው መንገድ እየለቀቀላቸው እስከ ኋላ ሄዱ። ለካ ዊኒ ጋሽ ፌስቲን ደግፋ አምጥታቸው ኖሮ ከግንቡ ሥር ቆመዋል። አባባ የጋሽ ፌስቲን እጅጌ ያዙና ሳቧቸው። ከዘራቸው እየተንቀጫቀጨ እስከ ፊት ጎተቷቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ከበሩ አልነበርኩም። ከምድጃው ነበርኩ። ይህን ሰው የሳብኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ሲሄድ የቀረሁትም እኔ ነኝ» አሉ። ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ የአክስት ቢናን ክንድ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። አባባ ገመዱን ጋሽ ፌስቲ እጅ ላይ አደረጉት። ጋሽ ፌስቲ ደግሞ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «አንተ ሙርቲ፣ ዛሬም ሰው ቀስ ብለህ መጎተት አልተማርክም?» አሏቸው። አባባ ሳቁ። አባባ ሲስቁ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ሁለቱም እዚያው በሰው ፊት እየተደጋገፉ ሳቁ፤ ሌላ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ሙዚቀኞቹ ይንፉ አይንፉ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንዳይመስልህ። ታልቲ የአባባን ስም ከሰሌዳው በመሮ አስፍቃለሁ እያለ ይዝታል። ሱቁ ስሄድ ሌላውን ሁሉ አስተናግዶ ነው ወደኔ የሚዞረው። ቢራ ቤት ውስጥ አባባ ሲገቡ ወንበራቸውን ያዞሩ አሉ። ሣጥኑን ማክሰኞ ዕለት የቤተ መዛግብቱ ሰው ወደ ኤኒስ ወሰደው። ጋሽ ፌስቲ ትናንት ከሰዓት እኛ ቤት መጥተው ሻይ ጠጡ፤ ሁለቱ ስለ ድንቹ በሽታ ብቻ አወሩ። ይቅር በላቸው ብዬ አልለምንህም፤ እኔም ገና ይቅር አላልኳቸውም። ግን ይህን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም።

አክስት ቢና ሰላም ብላሃለች፤ በዚያ ፀሐይ ያለ ባርኔጣ እንዳትወጣ ትላለች። ጋሽ ፌስቲ ልጆቹን በሁለት ጉንጫቸው ሳምልኝ ብለዋል። ዊኒ ለጆይስና ለልጆቹ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብላለች። ስላንተ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ለጆይስ ከኔ ብዙ ሰላምታ፤ ይህን ደብዳቤ ታነብላት አታነብላት እንደሆን አንተ ታውቃለህ። ኪትንና ማርጋሬትን ሳምልኝ።

አባባም የሚሉህ አላቸው። አንተ ከሄድክ ወዲህ በደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ ስማቸው ኖሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ከወንበሬ ኋላ ቆመው፣ ጨረስሽ? እያሉ ይጠይቁኛል። ያሉትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «እሱንም እጅጌውን ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ በይው። መጥቶ በሩ ላይ ይቁምልኝ፤ እጅጌውን ይዤ የማስገባበት ጉልበት አሁንም አለኝ፣ ግን ብዙ አይቆይም በይው።»

እህትህ ዴሊያ
ኪልዶራ፣ ክሌር አውራጃ
ኤፕሪል 14 ቀን 1966