የእርሳስ ነጥቦችሽ

ሚያዝያ 9 ቀን።

ገዳዩ ዘበኛው አይደለም።

ሰብልዬ፣ ከተለየሽኝ ስድስት ወር አለፈ። ትራስሽ ሥር የቀረውን መጽሐፍ ትናንት ጨረስኩት። አዎ፣ እኔ። የወንጀል ልቦለድ።

ልጃችን ማህሌት ልብሶችሽን ለነዳያን ሰጠች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የኔ ሁለት ኮቶች ብቻ ቀርተዋል። መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየሟ እንድገባ ትጨቀጭቀኛለች፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ለደረትህ አይሆንም ትላለች። መጽሐፉን ግን አልሰጠኋትም። የእኛ አይደለማ። የአምስታችሁ ጎረቤታሞች ነው። ደንባችሁን አውቃለሁ፦ አንዷ ትገዛለች፣ በየተራ ይነበባል፣ የጨረሰች የኋላው ሽፋን ውስጥ ትፈርማለች። ሁሉም ሳይፈርሙ ስለ ገዳዩ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው።

ስስቅባችሁ ኖርኩ። "በየገጹ ሰው ይሞታል፣ የሚያለቅስ የለም" እል ነበር። አንቺም አታልፊኝም፦ "ያንተ ድርሰት ውስጥ ደግሞ ሰው ሻይ ያፈላል፣ ሳይጠጣው ታሪኩ ያልቃል።"

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ መነሳት ካቃተሽ በኋላ፣ ሾርባ ይዤልሽ መጣሁ። "ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ" አልሽኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ተናደድኩ። "አትድከሚ፣ የገደለው ዘበኛው ነው። አንብቤዋለሁ" አልኩሽ።

አላነበብኩትም። ጀርባው ላይ ያለውን አራት መስመር ብቻ ነበር ያየሁት።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። "ዘበኛው? እኔስ ሌላ ሰው ነበር የጠረጠርኩት" አልሽ። የገጹን ጫፍ አጥፈሽ መጽሐፉን ትራስሽ ሥር ከተትሽው። ሾርባውንም ጠጣሽ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልከፈትሽውም። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርንሽ።

ሳነበው በገጾቹ ዳር በእርሳስ የተቀመጡ ትናንሽ ነጥቦች አየሁ። መጀመሪያ ቆሻሻ መሰሉኝ። ኋላ ሳስተውል ሁሉም የሟቹ እህት ብቅ በምትልበት ቦታ ናቸው። ለቅሶ ቤት ደረቷን ስትመታ፣ ነጥብ። ቁልፉን ስትመልስ፣ ነጥብ። ለዘበኛው ምሳ ስታቀብል፣ ሁለት ነጥብ። መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ያለቀ ላጲስ ያኔ ገባኝ። ከመፈረምሽ በፊት ለቀጣይዋ ብለሽ ታጠፊያቸው ነበር። የዚህኛውን ሳታጠፊ ቀረሽ።

የገደለችው እህትየዋ ናት።

ሃያ ዓመት ስለ ዘበኛና ስለ ቀን ሠራተኛ የጻፍኩ ሰው፣ ስገምት ጣቴን የቀሰርኩት በዘበኛው ላይ ነው። ይህ ያሳፍረኛል። አንቺን ያደረግኩሽ ግን ከማፈር ይብሳል። ደርሰሽበት ነበር፤ ተሳስቻለሁ ብለሽ ሄድሽ።

ዛሬ ጠዋት መጽሐፉንና ላጲሱን ይዤ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። ተራው የሳቸው ነው። ነጥቦቹን እመንገድ ላይ ላጠፋቸው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እትዬ መጽሐፉን ተቀብለው የኋላውን ሽፋን ገለጡ።

"ውይ፣ ሰብልዬ ሳትፈርም?" አሉ። ፊቴን አይተው ደግሞ፣ "ግድ የለም፣ አንተ ፈርምላት። መቼ ጀምራ ትታ ታውቅና! ቆይ እስክሪብቶ ላምጣ።"

መጽሐፉን በረንዳው ወንበር ላይ ትተው ገቡ። መሳቢያ ሲከፍቱና ሲዘጉ ይሰማኛል። በስምሽ ብፈርም ሁለተኛ ውሸቴ ነው። አውቃ ነበር ብዬ እንዳልነግራቸው ገና አላነበቡም፤ ደንባችሁን ዳግመኛ አላፈርስም። ነጥቦችሽ ገዳይዋን ያሳብቃሉና ለሳቸው ሌላ ቅጂ እገዛላቸዋለሁ። የመጨረሻዋ የፈረመች ቀን ግን ሁሉንም ሰብስቤ፣ ሰብለ ቀድማችሁ ደርሳበት ነበር እላለሁ። እኔ እስካለሁ ይህ አይረሳም።

"አገኘሁት!" ሲሉ ሰማሁ። መጽሐፉን ኮቴ ውስጥ ከትቼ ከግቢው ወጥቼ ነበር፤ አንቺ ወዳለሽበት፣ ወደ የካ ሚካኤል። ካጠፍሽበት አርባ አንድ ገጽ ይቀርሻል።