ባዶ ቦቴ ይዘን የዞርንበት ምክንያት

ካዛንቺስ፣ መጋቢት 2002 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮ እስከ ጾሙ አጋማሽ አልለቀቀም ሲሉ ሰምቼ፣ ወፍራሙን ጋቢ አውጥተው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ ከእንቅልፌ ጋር ከመጣላቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛው፣ የወንድምዎ የውሃ ቦቴ ከሙት ዓመቱ በኋላ ይሸጣል ተባብለን ሳለ እስካሁን ለምን እንዳልተሸጠ ነው። ሁለተኛው፣ በባዶ ቦቴ ከማን ጋር ተቀምጬ እንደምዞር ነው። ይህንን ማን እንደነገረዎ አውቃለሁ። ጀማነሽ ሱቋ መንገድ ዳር ነው፤ ከዚያ ተቀምጣ የማታየው የለም። አልተቀየምኳትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። እሱን ላስረዳዎ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት፤ አስረድቼ ስጨርስም መኪናው ከጥገናው እስኪላመድ ድረስ ሽያጩን እንዲያቆዩልኝ ልለምንዎ ነው።

በጥር ቦቴው ዳገት እምቢ አለ። ሾፌሩ ሸዋአየሁ ውሃ ሞልቶ በባምቢስ በኩል ወደ እኛ ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። እንደሚያውቁት ይህ መኪና ማርሹን ራሱ የሚቀይር ነው። ወንድምዎ ከኤምባሲ ጨረታ ሲገዛው ጓደኞቹ የወይዘሮ መኪና ገዛህ ብለው ሲስቁበት፣ እናንተ ፍሪሲዮን ስትረግጡ እኔ እግሬን አሳርፋለሁ ይላቸው ነበር። እንግዲህ ያ ማርሹን ራሱ የሚቀይረው ካምቢዮ ተቃጠለ። የተቃጠለ ካምቢዮ ያለው መኪና ደግሞ ማን ይገዛል? መሠራት ነበረበት።

እንዲህ ያለውን የሚፈታ ቄራ አካባቢ አንድ ሰው አሉ ተባልኩ። አቶ ኢተፋ ይባላሉ። ጎልማሳ ናቸው፣ ጸጥ ያሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ይህን የምጽፈው ሰውየው ማን እንደሆኑ እንዲያውቁት ያህል ነው። ካምቢዮውን አውርደው ካዩ በኋላ፣ እንደነበረ ከሠራሁት እንደነበረው ይቃጠላል፣ ይህን ሁሉ ውሃ እንዲሸከም ተደርጎ አልተሠራም አሉኝ። ስለዚህ ካምቢዮው ውስጥ እየተያያዙ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉትን ሸራዎች፣ ከድሮው የበዙና የጠነከሩ አድርገው ከዱባይ አስመጡ፤ ለካምቢዮው ዘይት ብቻ የሚሆን ትንሽ ማቀዝቀዣም ከፊት ለፊት ተጨመረ።

ከዕቃው ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ መጣ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልደረስኩ ያውቃሉ። ያለችኝን ንባብ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከመዝገበ ቃላት የለቃቀምኳት ናት። አቶ ኢተፋም እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ የሚያነቡት ግን ሥዕሉን ነው። እኔ ጽሑፉን አነበብኩ። ለእነዚህ ሸራዎች እሳቸው የለመዱት ቀይ ዘይት እንደማይሆን፣ ሙቀት የሚችል ሌላ ቀይ ዘይት እንደሚያስፈልግ፣ ሁለቱንም መቀላቀል እንደማይገባ ይላል። እሳቸው ዕድሜ ልኬን በዚህኛው ነው የሞላሁት አሉ። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን እንዲህ ያለ ሸራ ገጥመዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ እኔ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አልገጠምኩም አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ጠርገው ያንኑ ገጽ እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እትዬ፣ ወንድ ልጅ ተነብቦለት ሐሳቡን ሲቀይር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዘይቱን ልገዛ ረውዳ ሱቅ ሄድኩ፣ ባምቢስ አጠገብ። የካምቢዮ ዘይት ስላት ያን ዘጠና የሚሉትን ወፍራም የማርሽ ዘይት አወጣችልኝ። ቀዩን ነው አልኳት። «ቀዩማ የመሪ ዘይት ነው። ምነው እህቴ፣ የታመመው መሪሽ ነው ካምቢዮሽ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘጠናው ቢገባበት ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ገደል ይገባ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼ የጣሳዎቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ እያየሁ የምፈልገውን አገኘሁት። ረውዳ፣ ሰው ጋዜጣ ያነባል፣ አንቺ ዘይት ታነቢያለሽ እያለች ጠቀለለችልኝ። አቶ ኢተፋ ሸራዎቹን በዚያው ዘይት በሳፋ ዘፍዝፈው አሳደሩ፤ ደረቁን ከተገጠመ ገና ሲነሳ ይቃጠላልና። የድሮው ጥላሸት ወደ አዲሱ እንዳይገባም ቧንቧዎቹን ሁሉ አጠቡ።

አሁን ወደ ባዶው ቦቴ መጣሁ። አዲስ የተገጠመ ካምቢዮ እስኪላመድ ድረስ ጭነት አይወድም። የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቀስ ተብሎ፣ ነዳጅ በኃይል ሳይረገጥ፣ ሙቀቱ እየታየ ነው የሚነዳው። ከዚያ ዘይቱ ይፈሳል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ከሥር የተጠራቀመውም ይታያል። አመድ የመሰለ ብናኝ ከሆነ ጤና ነው፤ የብረት ስብርባሪ ከሆነ ግን አይደለም። ሸዋአየሁ ግማሽ ልሙላ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ ግን ግማሽ ውሃ ከሙሉው ይብሳል፣ ፍሬን ሲያዝ ከኋላ እየተላጋ ይገፋል። ስለዚህ ባዶውን ነዳነው። ውሃ ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት ባዶ ቦቴ ይዞ መዞር ምን ያህል እንደሚያሳፍር እርስዎ ይገምቱት። ቂርቆስ ላይ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወጡ። ባዶ ነው ስላቸው አንዷ፣ ታዲያ ባዶሽን ምን ያዞርሻል አለችኝ።

መጀመሪያ፣ እኔ አብሬ መቀመጥ ሳልጀምር፣ የነዳው ሸዋአየሁ ነበር፤ ጥሩ ሾፌር ነው። ዘይት የሚለካው ግን እንደለመደው ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ ያለው ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ የበዛ ይመስላል። እሱም በዝቷል ብሎ ቀነሰው። ወሎ ሰፈር ሲደርሱ መኪናው መንሸራተት ጀመረ፣ ሙቀቱም ወጣ። ደግነቱ አቶ ኢተፋ አብረውት ነበሩና ወዲያው አስቆሙት። አልጮሁበትም። «ሞተር አጥፍቶ ይህን ዘይት መለካት፣ የተኛን ሰው ስንት ትሮጣለህ ብሎ መጠየቅ ነው» አሉት። ሸዋአየሁ ስድብ አድርጎ ወሰደው። ይህን ሁሉ ዘመን ነድቼ ገና አሁን በመጽሐፍ ልነዳ ወይ ብሎ ቁልፉን አስረክቦኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አቶ ኢተፋ ራሳቸው መንዳት ጀመሩ። የሙቀት መለኪያው አዲስ የተገጠመ ነው፤ ቦታ የተገኘለትም በረዳት ወንበር በኩል ብቻ ነው። በዚያ የመኪና ግርግር መሀል ሾፌር ወደዚያ አይዞርም። አንድ ሰው ተቀምጦ ማየት ነበረበት። ጀማነሽ ያየችው ይህን ነው፤ እኔን፣ መለኪያውን ሳይ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ይህን ሲያነቡ የሚሉትን ከአሁኑ እሰማዋለሁ፤ በለቅሶው ቀን ብለውታልና። ወንድሜ ብቻውን ሞተ ብለው ነበር ያለቀሱት። ሰው ሁሉ ሙሾ ነው ብሎ አለፈው፤ ለእኔ እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ወንድምዎ ወደ ናዝሬት በሄደ ቁጥር፣ መጽሐፍሽን ይዘሽ ነይ፣ ጋቢና ውስጥ ታነቢያለሽ ይለኝ ነበር። የናፍጣው ሽታ ያጥወለውለኛል እለዋለሁ። አንድም ቀን እሺ ብዬው አላውቅም። የመጨረሻውም ቀን።

ባለፈው ማክሰኞ፣ የሺህ ኪሎ ሜትሩ ልማድ ከግማሽ ሲያልፍ፣ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወጣን። ዱከም ከመግባታችን በፊት መንገዱ ሜዳ ስለሆነ፣ ዘይቱም ስለሞቀ፣ አቶ ኢተፋ እዚህ እንለካ ብለው ዳር ያዙ። ቦታውን አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ወንድምዎን መንገደኞች ሞቶ ያገኙት እዚያ ነው፤ ዳር ይዞ አቁሞ፣ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ሞተሩ እየሠራ። ወረድኩ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ምን ሆኑ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሞተሩን ላጥፋው?» አሉኝ።

«አታጥፋው። እየሠራ ነው የሚለካው።»

የዘይት መለኪያዋን አወጣ፣ ጠረጋት፣ መልሶ ከተታት፣ አወጣት። ልክ ነው አለ። ከዚያ ወደ ጋቢናው አልተመለሰም፤ እኔም አልተመለስኩም። ሞተሩ እየሠራ አጠገቡ ቆምን። የጭነት መኪኖች እያለፉ አቧራቸውን አለበሱን። አይዞሽ አላለኝም፤ የሰው ሁሉ አይዞሽ ያንገሸገሸኝ መሆኑን እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ጋቢና ውስጥ ስቀመጥ ናፍጣው አላጥወለወለኝም። ያኔም ላያጥወለውለኝ ይችል ነበር።

ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ጽፌ አስቀምጬው ነበር። ወደ እናንተ የሚመጣው መንገደኛ ሳይመጣልኝ ሰነበተ። እሱ ሳይመጣ እርስዎ የላኩት ገዢ መጣ። ሽያጩን እንዲያቆዩልኝ ልለምንዎ እንደተቀመጥኩ ከላይ ጽፌያለሁ፤ አልሰርዘውም፣ እንዳለ ያንብቡት። ሰውየውን በር ላይ አቁሜ ልመልሰውም ቃጥቶኝ ነበር። እሱ ግን ቃልዎን አደረሰኝ። «ወንድሜ የሞተበት ወንበር ላይ ሌላ ወንድ ከሚቀመጥ ቢሸጥ ይሻለኛል ብለዋል» አለኝ።

ይህ ገባኝ። ከልቤ ነው የምልዎ። ከዘይቱም ከሸራውም በላይ የሆነ ምክንያት ነው። ገብቼ ቁልፉን አመጣሁለት።

ያን ዘይት አንድ ጣሳ ትርፍ ነበረኝ፣ እሱንም ሰጠሁት። ሺው እስኪሞላ ውሃ እንዳትጭንበት፣ ሲሞላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፣ ስትለካ ሞተሩን አታጥፋ፣ የካምቢዮ ዘይት ብለህ ብቻ አትግዛ፣ ዘጠናውን ይሰጡሃል አልኩት። እሺ እሺ እናቴ፣ ውሃ እኮ ነው የምጭነው፣ ድንጋይ አይደለም ብሎኝ ሳቀ። ወደ ውሃ መቅጃው በኩል ሲታጠፍ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ዳገቱ ላይ የሚያቃስት መኪና በሰማሁ ቁጥር እየተነሳሁ በር እወጣለሁ። እባክዎ፣ የእርስዎን ቃል ይሰማልና፣ እንዲታገሥ ይንገሩት። ለመኪናው ብዬ አይደለም። ወደ አባ ሳሙኤል እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ሙሉ ውሃ ይዞ ካምቢዮ ቢከዳው፣ የሰው ልጅ ነው።

መኪናው በሄደ በማግስቱ፣ አመሻሽ ላይ፣ ኢተፋ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፣ ከቄራ እስከዚህ። ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኗል። የሚለካ ዘይት የለም፣ የሚታይ ሙቀት የለም። መኪናው እንደተሸጠ ሰማሁ አለኝ። ተሸጧል አልኩት። ከዱከሙ ቀን በቀር እስከዚያ ያወራነው ሁሉ ስለ ካምቢዮ ነበር። ሊሄድ ዞረ።

ግባ አልኩት።

እትዬ፣ ጾሙን በሰላም አስፈትቶ ለትንሣኤው ብርሃን በጤና ያድርስዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። ወንድምዎንም ነፍሱን በገነት ያኑርልን። ከተቆጡኝ ቁጣዎን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ዝም እንዳይሉኝ ብቻ።

ልፈርም ስል እጄ ቆመ። እስከ ዛሬ «የወንድምዎ ባለቤት» ብዬ ነበር የምፈርምልዎ። ዛሬ ያን ብጽፍ እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል። ከፈቀዱልኝ፣

እህትዎ