ጣሪያዬን ለፀሐይ ስላዘጋጁልኝ

ለክቡር ኢንጂነር መንገሻ
የወንድማማች መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ኦክላንድ

መጋቢት 1990 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮረብታው ላይ ያለው ቤትዎ ጣሪያ ይህን ማባሪያ ያጣ የኤልኒኞ ዝናብ በምን ዓይነት ጤንነት አሳለፋችሁት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ደምመላሽም ከገዛ ቤቱ ርቆ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሬድውድ ሲቲ ባለ የሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ደህና ነው። ከሥራ ስወጣ ድልድዩን ተሻግሬ አየዋለሁ፣ እራቱን አብልቼው እመለሳለሁ። ይህንን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ በፖስታ ልልከው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ለቤቴ የዋሉት ውለታ በሁለታችን መካከል ተደብቆ ቢቀር ግፍ መስሎ ስለታየኝ፣ የእድራችን አባላት በሙሉ እንዲያነቡት አባዝቼ ማደሉን መረጥኩ።

ነገሩን ለማያውቁ ወገኖቼ ባጭሩ ላስረዳ። የደምመላሽ ሳንባ ከታመመ ቆይቷል፤ የሚተነፍሰው አልጋው አጠገብ በቆመ የኦክስጅን ማሽን ሲሆን ማሽኑም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ማዕበል መብራት ሲጠፋ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር እያየሁ ከልጄ ከያብስራ ጋር ተሸክመን ነው መኪና ውስጥ ያስገባነው። ያን ቀን ዳግመኛ ላለማየት ስንል በጣሪያችን ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች፣ በጓሯችን ደግሞ ባትሪዎች ለማስተከል ቆረጥን። ሰሌዳዎቹን የሚተክለው ሰው ግን ወጥቶ ካየ በኋላ፣ ጣሪያው አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ነገረን። እርስ በርሱ ተደራርቦ የተመታው፣ ሺንግል የሚሉት አሮጌ የጣሪያ ክዳን መነሳት፣ ከሥሩ የበሰበሰው ሳንቃ መለወጥ፣ ሰሌዳዎቹን የሚሸከሙት የብረት እግሮችም ጣሪያውን ከያዘው ወራጅ እንጨት ጋር በብሎን መታሰርና ዙሪያቸው ውሃ እንዳያስገባ በቆርቆሮ መከደን ነበረባቸው። ይህንኑ የሚሠራ ፈቃድ ያለው የጣሪያ ባለሙያ አግኝተን፣ ዝናብ ሳይገባ ሰኞ ሊጀምር ተስማምተን ነበር። እርስዎ የደረሱልን እዚህ ላይ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ደምመላሽን ሊጠይቁ በመጡ ዕለት፣ እኔ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት በገባሁባት ቅጽበት ከስልኩ አጠገብ የነበረውን የባለሙያውን ካርድ አንሥተው፣ በገዛ ስልኬ፣ በባለቤቴ ስም ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ። ሻዩን ይዤ ስመለስ «ካንስል አድርጌዋለሁ፣ ዶንት ወሪ፣ እኛ እያለን ለምን ባዳ ጣሪያሽ ላይ ይወጣል» ብለው አበሠሩኝ። በማግስቱ ባለሙያውን ደውዬ ብለማመጠው፣ ከተማው ሁሉ የኤልኒኞን ወሬ ሰምቶ ጣሪያ እያሳደሰ ስለነበር ቀኑን ለሌላ ሰጥቶታል፤ ለእኔ የተረፈው ከዝናቡ ወራት በኋላ ያለው ተራ ብቻ ነው አለኝ። እርስዎን ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው ያልኩዎ። ልጄ እስከ ዛሬ «ማሚ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ሴይ ኖ?» እያለች ለምን እምቢ እንዳላልኩ ትጠይቀኛለች። በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ላግዝሽ ሲለኝ እምቢ ብዬ አላውቅም፤ እምቢ ብል ኖሮ ኩሩ፣ ሰው ጠል ተብዬ በየቤቱ እንደምነሳ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የተማመኑትም በዚህችው ይሉኝታዬ ነው።

ሁለተኛ። የእድሩን አባላት አስተባብረው ጣሪያዬን ሊሠሩ ለጠሩት ደቦ የመረጡት ዕለት የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል የነበረው ቅዳሜ በመሆኑ፣ አርቆ አሳቢነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሰው ሁሉ ቅበላውን የት እንደሚያደርግ ሲያስብ የእኔ ጣሪያ ተገኘለት። እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ ቤቴን መጠበቅ ሲገባኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ቆሜ ለሠራዊትዎ ሥጋ ስከትፍ ዋልኩ። ማፍረሱን በእውነት አትችሉትም አልልም፤ ከምሳ በፊት አሮጌው ሺንግል ከነሚስማሩ ተነሥቶ ጽጌረዳዎቼ ላይና ጎረቤቴ መኪናዋን በምታቆምበት መግቢያ ላይ ተበትኖ ነበር። ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት አሜሪካዊት አሮጊት፣ ከጎማዋ ላይ ሚስማር ስትነቅል እኔ ፊቷን ላለማየት መጋረጃ ዘጋሁ። ከምሳ በኋላ ግን ጣሪያው ላይ የወጣው ሁሉ አንድም መዶሻ ሳይዝ ቢራውን ይዞ ነው የወጣው። በኋላ ዝናቡ መጥቶ አሸንዳው ውሃ አላሳልፍ ሲል፣ መሰላል ላይ ወጥቼ እጄን ስሰድ ያወጣሁት የተጋጠ የጎድን አጥንት ነበር። ያ የሻገተ አጥንት እጄ ላይ የተወውን ሽታ በሳሙና አጥቤ አስለቅቄዋለሁ፤ ማቅለሽለሹ ግን እስከዛሬ አለቀቀኝም፤ የእርስዎን ስም በሰማሁ ቁጥር ይነሣብኛል።

ሦስተኛ። ይህ ሙያዎን ይመለከታል። በየትኛው የምሕንድስና ዘርፍ እንደተመረቁ የሚያውቅ ሰው ባላገኝም (አንዱ የመንገድ፣ ሌላው የሬዲዮ ይለኛል)፣ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሰርሰሪያ ይዘው የታዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የጣሪያ ባለሙያው ወራጁ በየት በየት እንደሚያልፍ በነጭ ቀለም አስቀድሞ ምልክት አድርጎ ነበር፤ ምልክቱ ያለው ግን በአሮጌው ሺንግል ላይ ስለነበር፣ ሺንግሉ ጽጌረዳዬ ላይ ሲወረወር አብሮ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ይለካ ነበር። እርስዎ ግን አንድ ዓይንዎን ጨፍነው አንጋጠው ካዩ በኋላ፣ ለብረት እግሮቹ የሚሆነውን ቀዳዳ ሁሉ በግምት በሱልን። አንዱም ወራጅ አላገኘም። ሁሉም ባዶውን ሳንቃ በስቶ፣ ኮርኒሱንም አልፎ፣ ደምመላሽ ከተኛበት አልጋ በላይ ተከፈተ፤ እሱም አፍንጫው ላይ ቱቦ እንዳደረገ በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን በቀዳዳ ያይ ነበር። ፀሐይ ወደ ቤታችን እንድትገባ ፈልገናል መባሉን እንዲህ ተረድተውት ከሆነ፣ ሥራዎ እንከን አልነበረውም።

አራተኛ። ጣሪያውን ለመመለስ ያልመጣችሁባቸው ምክንያቶች ሁሉ የተቀደሱ ስለነበሩ አንዱንም መቃወም አልቻልኩም። እሑድ ሰንበት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እርስዎ ሳንታ ክላራ ስብሰባ ነበረብዎ፤ ያለ እርስዎ ደግሞ መዶሻ የሚያነሣ ጠፋ። ከዚያ ለአንድ አባላችን መርዶ ተነገረና ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ገባ። እኔም ሄጄ ተቀምጫለሁ፤ ሐዘን ሐዘን ነው። ዓይኔ ግን ከመስኮቱ አልተነሣም፤ ደመናው በጠቆረ ቁጥር እንባዬ ሲመጣ ሴቶቹ ለሟች መስሏቸው ያጽናኑኝ ነበር። በድንጋይ አስይዛችሁት የሄዳችሁትን ስስ ላስቲክ ነፋሱ በመጀመሪያው ሳምንት ወስዶታል።

አምስተኛ፤ ይህንንስ በቀልድ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። የእድራችን ድንኳን ውሃ የማያስገባ፣ ወፍራም፣ ቤቴን ሁለት ጊዜ ሊሸፍን የሚችል ድንኳን ነው፤ ሲገዛ እኔና ደምመላሽም አዋጥተናል። ተጣጥፎ የሚቀመጠውም እርስዎ ጋራዥ ውስጥ፣ በደረቅ ቦታ ነው። ትልቁ ዝናብ ሊገባ መሆኑን ሬዲዮ ሲናገር ደውዬ፣ ጣሪያው እስኪሠራ ድንኳኑን እንዲያውሱኝ ለመንኩዎ። ለመንኩዎ ነው የምለው፤ አልቅሻለሁም። ኮሚቴ ሰብስበው፣ መክረው፣ መልሱን ላኩልኝ፤ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ድንኳኑ የሚወጣው አባል ሲሞት ብቻ ስለሆነና አቶ ደምመላሽ በሕይወት ስላሉ ጥያቄዬ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያ ላይ በቁም ሰው ቤት ላይ የለቅሶ ድንኳን መዘርጋት ሟርት እንደሚሆን አስበው፣ ለእኛው ተጨንቀው መከልከልዎን ጨመሩበት።

ዝናቡ የጀመረው በማለዳ ነው። ባልዲ አቀረብኩ፣ ድስት አቀረብኩ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር አቀረብኩ። ረፋዱ ላይ ኮርኒሱ ያዘለውን ውሃ መሸከም አቅቶት ማሽኑ ላይ ተደረመሰ። ደምመላሽ አየር ፍለጋ አፉን ሲከፍት ልጄ በስልክ አምቡላንስ ስትጠራ፣ እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ በመዳፌ ፊቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እከላከል ነበር። ሐኪሞቹ ካተረፉት በኋላ፣ ቤቱ ደርቆ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል እስኪኖረው ድረስ እንዳይመለስ ከለከሉ። ሬድውድ ሲቲ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱን እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔው ራሴ ደውዬ ነግሬዎታለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋናዬ አልቋል። በጥምቀት ዕለት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ እኔ «ባሏን አውጥታ ለነርሲንግ ሆም ሰጠች፣ ጣሪያዋ ላይ ለምትሰቅለው መስታወት ስትል» ማለትዎን ከሦስት ሰው ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ቀንሷል። አንድ ወዳጃችን እዚያው ሬድውድ ሲቲ ድረስ ሄዶ፣ ደምመላሽን፣ ትንፋሽ ቆጥቦ የሚናገረውን ሰው፣ ሚስቱ በድላው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠይቆታል። ጣሪያ ያፈረሰ ሰው አይቻለሁ፤ አለማወቅ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ያፈረሰውን ጣሪያ በባለቤትየዋ ስም ላይ የሚከምር ሰው ግን አስጠልቶኛል፤ የታከተኝ እንዳይመስልዎ፣ አስጠልቶኛል ነው የምልዎ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በዚያው ወሬውን ባወሩበት አፍ፣ የወርቅውሃ ባሏን አላወጣችም፣ ያወጣነው እኛ ነን ብለው ይናገሩ። ጣሪያውን በተመለከተ አይድከሙ። ባለሙያው ተራዬ ደርሶ መጥቷል፤ ሳንቃው ተለውጧል፣ የብረት እግሮቹም ወራጁን ይዘው ቆመዋል፣ ሰሌዳዎቹ በዚህ ሳምንት ይወጣሉ። የደቦ እርዳታ የሚያስፈልገው ሥራ አልተረፈም፤ ቢተርፍም ክፍት ሆኖ ቢቀር ይሻለኛል።

የእርስዎ ታላቅነት፣ በደቦው የተፈተነው አመራርዎ፣ እንዲሁም ጠብታ ያልነካው ጋራዥዎ ዘመናቸው ይርዘም እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ የራሴንም ጣሪያ ቀና ብዬ እያየሁ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ታዛዥዎ፣
የወርቅውሃ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የኮሚቴ አባላት ደወል ሳይደውሉ በጎን በር ገብተው የጓሮዬን ስፋት በሜትር ሲለኩ ልጄ በመስኮት አይታቸዋለች። ወጥታ ብትጠይቃቸው፣ የደምመላሽ ሕመም እንደጠና ስለተሰማ፣ ቦታው ለለቅሶ ድንኳኑ ይበቃ እንደሆነ ከወዲሁ ለማወቅ ሊቀመንበሩ እንደላኳቸው ነገሯት። አይበቃም፤ ቦታውን የፀሐዩን ባትሪዎች አስቀምጬበታለሁ። ደምመላሽ ሐሙስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊጠይቁት ካሰቡ በፊት ለፊቱ በር ይምጡ፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚጠየቀው በዚያ በኩል ነው።