«ነበር» የሌለበት ደብዳቤ

ለልጅ ልጆቼ፣ ለጠያቂዋና ለዝምተኛው፤

«ለእኚህ አባት ሩቅ ቀጠሮ አትጻፊላቸው» ሲል ሐኪሙ ለነርሷ ሰማሁት። ቶሎ ሊያየኝ የፈለገ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁና ደስ አለኝ።

እናንተስ እንደምን ከረማችሁ? ጉንፋኑ ለቀቃችሁ? ጠያቂዋ፣ የወለቀው ጥርስሽ በቀለ? ዝምተኛው፣ አንተስ በስልክ አሁንም ራስህን በመነቅነቅ ነው የምትመልሰው? እኔ ከደረቴ፣ ከወገቤና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጠያቂዋ፣ ባለፈው «አባባ፣ ለምንድን ነው የማትጽፍልን?» ስትዪኝ መስመሩ ተቆረጠ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ የመቃብር ድንጋይ ላይ ጽሑፍ መቅረጽ ነው። አርባ አንድ ዓመት በመሮና በመዶሻ ጻፍኩ፤ ከጻፍኩላቸው አንድም ቅሬታ ያቀረበ የለም። እናታችሁ ከአገር የወጣች ሰሞን ግን ወረቀት ሞከርኩ። «ልጄ ደግ ነበረች፤ ሳቋ ቤት ይሞላ ነበር» ብዬ ላክሁላት። ደውላ አለቀሰች። «አባዬ፣ የሞትኩ መሰለኝ» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ሰው አመስግን የምባለው ሁሌ ከቀብር በኋላ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ብዕር አልጨበጥኩም።

ከሐኪም ቤት ከተመለስኩ ወዲህ አሥራ አንድ ወረቀት ቀድጃለሁ። በአንዱ ላይ «ዝምተኛው በተወለደ በአምስት ዓመቱ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቀጣዩን ቃል ቀድሞኝ ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። ጎረቤቴ፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪው፣ የወረቀቱን ክምር አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ያልፈራህ ወረቀት ፈራህ? ወረቀት እኮ ቢበላሽ ይቀደዳል» ብሎ አሾፈብኝ። ሊያሾፍ ነው የመጣው፤ ግን ልክ ነው። የተበላሸ ድንጋይ እስከ ዛሬ ደጄ ላይ ቆሞ ያፈጥብኛል።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በእናንተ ላይ «ነበር» አይወርድም። ጠያቂዋ፣ ደፋር ነሽ። ዝምተኛው፣ በስልክ ስትተነፍስ እሰማሃለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። እወዳችኋለሁ። ግሱን ሁለቴ አየሁት፤ ኃላፊ ጊዜ አይደለም።

እናታችሁን በሁለቱም ጉንጯ ሳሙልኝ፤ ያን የድሮ ደብዳቤ ትቅደደው። አባታችሁን አክባሪህ ነኝ ብሏል በሉልኝ። ድመታችሁንም ከነጥፍሯ ሰላም በሉ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ይህ እናንተ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ወር ይፈጃል ብላኛለች፤ መልሱን ግን አታዘግዩ።

አያታችሁ
ከሐውልት መቅረጫው፣ የካቲት 9 ቀን

የሐኪሙ ቀጠሮ የካቲት 20 ነው። ነርሷ የጻፈችው በእርሳስ ነው።