ሴትዮዋ ተርፋለች ያልኩሽ ቀን

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ከሄድሽ ስምንት ወር ሞላሽ።

ቤቱ ደህና ነው። ሰይድ ሚስት ላገባ ነው ብሎ ሳሎኑን አረንጓዴ ቀባው። አንቺ ብትኖሪ ብሩሹን ትቀሚው ነበር፤ እኔን እንደሆነ ልጅሽ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል። ያንቺ ቦታ ላይ ግን ማንንም አላስቀምጥም፣ እንግዳም ቢሆን አስነሳለሁ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው እሁድ ያንን ፊልም እንደገና አየሁት። ፀጉሯ የሸበተው ሴትዮ የልጅ ልጇን ያገቱባትን ሰዎች ሽጉጥ ይዛ የምታሳድድበትን። እሁድ እሁድ ከኮምቦልቻ ስመጣ በፍላሽ ምን እንደማስጭን ታዥኝ ነበር፤ ተኩስ ከሌለበት ፊልም አይደለም ትያለሽ። እኔ ከሥር ከሥር ስተረጉምልሽ፣ አንቺ ደግሞ ሴትዮዋን ትመክሪያታለሽ። ከጣሪያ ልትዘል ስትል ቢስሚላህ በይ አልሻት። አንዱን ጎረምሳ በቡጢ ስትጥለው ደስ ብሎሽ ጭኔን መታሽኝ፣ አመመኝ እኮ። ሮጣ ሮጣ ጉልበቷን ይዛ ስትቆም ግን አሳዘነችሽ፤ አይዞሽ እህቴ፣ የእኔም እንዲያው ነው አልሻት።

ፊልሙን አብረን ባየንበት ሳምንት ሐኪሙ አንቺን ውጭ አስቀምጦ፣ በሽታሽ እንደማይድን ለእኔና ለሰይድ ነግሮን ነበር። እንደ ሰው ሁሉ ደበቅንሽ። ጨጓራ ነው አልንሽ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋ ልጅቷን አስመልጣ፣ ተመትታ ድልድዩ ላይ ስትወድቅ አንጀቴ አልቻለም። ቶሎ ዘጋሁትና ደክሟት ነው፣ ተርፋለች፣ አለቀ አልኩሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብለሽ ሻሽሽን አስተካከልሽ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንቺም ሄድሽ።

እማዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት። ሰው መሄጃው ሲደርስ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን አፉ በሉኝ ብሎ፣ ይቅር ተባብሎ ይሄዳል። አንቺን ግን የእኔ ውሸት ከለከለሽ፣ ሳትሰናበች ሄደች እያልኩ።

ባለፈው እሁድ ፊልሙ ሲያልቅ ስነፋረቅ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ገባች። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና፣ እኔ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ሳለሁ ዱላሽን ይዘሽ በየበሩ እየዞርሽ ሰፈሩን በሙሉ አፉ እንዳስባልሽ ነገረችኝ። የተጣላሻት የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ እንኳ አልቀረችም። እትዬ ዘሀራንም እንዲህ ብለሽ አስጠነቀቅሻት፤

«ሉባባ እንዳትሰማ። የማላውቅ መስሏት ነው የምትስቀው። ሳቋን አትንሱኝ።»

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ አልዋሽሽም። እኔ አንቺን የምጠብቅ መስሎኝ ስታለል ነበር ለካ። ቆይቶ ግን ገባኝ። ሰፈሩን ሁሉ አፉ ስታስብይ እኔን ብቻ የተውሽኝ፣ ከጠየቅሽኝ ማወቅሽን ስለምረዳ ነው። ያንን ሁሉ ቀን ሞትሽን ብቻሽን ይዘሽ ከእኔ ጋር ስትስቂ ኖርሽ። እናቴ፣ እንዴት ቻልሽው?

እስካለሁ ድረስ በዱዓዬ ያንቺን ስም ከራሴ ስም አስቀድማለሁ። ያንን ያልጠየቅሽኝን ደግሞ ዛሬ ሳትጠይቂኝ ልበልሽ፤ አፉ ብዬሻለሁ እማዬ። አንቺም አፉ በይኝ።

ልጅሽ ሉባባ