የኪራይ አባት

አዳማ፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ ፈውዚያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? የሻርጃ ሙቀት ለቀቅ አደረገሽ? ባልሽስ አሁንም ያንኮራፋል? ባለፈው ስንደዋወል ከጀርባሽ የሰማሁትን ድምፅ ጀኔሬተር ነው ብለሽኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ የጀኔሬተርን ድምፅ ከሰው ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ።

እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ወሬ ያለበት ቤት ግን እስካሁን ርቋት አያውቅም።

ለምን በወረቀት ጻፍክልኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን ነገር በቴሌግራም አራት ጊዜ ጀምሬልሽ አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሑስና ነገ ወደ አንቺ ስለምትበር፣ ወረቀቱን እሷ እጅ ላይ ካደረግሁት በኋላ መመለሻ የለኝም።

ለነገሩ ስልኬ ላይ ቴሌግራም የጫንሽልኝ አንቺ ነሽና የጥፋቱን ግማሽ ውሰጂ። ባለፈው ክረምት ገላኔ የምትባል የክፍላችን ልጅ፣ የ1979 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍሎችን ከያሉበት ለቃቅማ ግሩፕ ከፈተችልን። አርባ አንድ ሆነናል። ዶክተር አለን፣ ሁለት መሐንዲስ አለን፣ ካናዳ የሚኖር ፓስተር አለን፤ ፀጉር የቀረው ግን ጥቂት ነው። እኔ እንደምታውቂው ትምህርቴን ከስምንተኛ አቋርጬ፣ የቀረውን ከተበላሹ ሬዲዮኖችና ከአሮጌ ጋዜጣ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሌላው በማዕረጉ ሲገባ እኔ በቀልዴ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ካልቀለድኩ «ኡበይደላ ታመመ እንዴ?» ይላሉ። ልዋሽሽ አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የጋሪ ነጂውን የራህመቶን ጨዋታ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላቸው። አንቺም በልጅነትሽ ስንት ጊዜ አስደግመሽኛል። ሁልጊዜ ግን አንድ ቦታ እየዘለልኩ ነው ያወራሁሽ። ዛሬ ሳልዘልል ልንገርሽ።

በሒሳብ መምህራችን የጠመኔ ሣጥን ውስጥ እንሽላሊት የከተትኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ሲከፍቱት ደረታቸው ላይ ወጣባቸው። የተያዘው ግን ፊት የሚቀመጠው ጉደታ ነበር። እኔ መሆኔን እያወቀ ትንፍሽ አላለም። «ወላጅ አምጣ» ተባለ። ጉደታ የሁሩታ ልጅ ነው፤ ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ ከእኛ ሦስት ዓመት ይበልጣል፣ አዳማ ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚማረው። አባቱን ከአውድማ ላይ መጥራት ሞት ሆነበት። እኛ ጋ ደግሞ መላው የታወቀ ነበር፤ ተማሪ ወላጅ አምጣ ሲባል ከመንገድ አንድ ትልቅ ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው»፣ «አባቴ ነው» ብሎ ያስገባል። እኔም ገበያው ዳር ጋሪ የሚነዳውን ራህመቶን ለመንኩት። ደግ ሰው ነበር። «ለአንድ ልጅ አባት መሆን ምን ይጎዳኛል?» ብሎ ኮቱን አራግፎ ተከተለኝ።

እዚህ ጋ ነው የምዘልለው። በመንገድ ላይ «ልጄ ማን ነው የሚባለው?» አለኝ። «ገርባ» አልኩት። ሆን ብዬ ነው፣ ፈውዚያ። ዳይሬክተሩ ሲጠይቁት ገርባ ሲል፣ የጉደታን ዓይን በቢሮው መስኮት ማየት አማረኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ልጆቹንም ጠርቼ መስኮቱ ስር ደርድሬያቸው ነበር።

ራህመቶ «ልጄ ገርባ ጨዋ ነው፣ ጌታዬ» አለ። እኛ በሳቅ ፈረስን። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። ራህመቶ ግማሽ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ዋለ። ጉደታ ተባረረ። ያን ጊዜ የተማሪ መታወቂያ የሌለው ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበርና፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ቀበሌ ወሰደው። ከሰሜን ግንባር ሲመለስ ቀኝ እግሩ አልነበረም።

ራህመቶ ከጣቢያ በወጣ ማግስት ጠራኝ። «አንተ ነህ የተሳሳተ ስም የነገርከኝ። አላጋልጥህም፣ አንተም ትባረራለህ። ለጓደኛህ ግን ራስህ ንገረው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ጋሪውን ገታ አድርጎ «ነገርከው?» ይለኝ ነበር። ጉደታ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ በኋላም ጠየቀኝ። ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወ። እኔ ምን አደረግሁ? «የኪራይ አባት» የሚል ቅጽል አወጣሁለት። ስሙ ተለጠፈበት፤ የጋሪ ተሳፋሪው ሁሉ ጠራው። ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው።

እንግዲህ ግሩፑ በዚህ ጨዋታ ሲስቅ ሰነበተ። «የኪራይ አባትን ድገምልን!» ይሉኛል። በኋላ ገላኔ የጉደታን ስልክ ከዘመድ አግኝታ አስገባችው። ገብቶ መጀመሪያ የጻፈው ምን መሰለሽ? «ሁላችሁም በመስኮት ስትስቁ፣ ሰው ፈልጎ ያመጣልኝ ኡበይደላ ብቻ ነበር። ውለታውን አልረሳሁም።» ስልኩን ዘግቼ ሱቁን ክፍቱን ትቼ ሄድኩ፤ ሬዲዮ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ነው ጠርቶ የመለሰኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት የግሩፑ ሰዎች ሶደሬ ተገናኘን። ጉደታ በክራንቹ እየተራመደ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«አካም ጂርታ፣ ያ ኦቦሌሳ! ደህና ነህ ወንድሜ? አረጀህ እኮ!»

«አንተስ? ፀጉርህን የት ጥለህ መጣህ?» አልኩት።

«ከእግሬ ጋር ነው የቀረው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁትን ሳቅ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሲመሽ ወደ ዳር ወስዶኝ፣ «ልጄ ሊያገባ ነው። ሐሙስ ኅዳር 18 የልጅቱ ቤት ሽማግሌ እንልካለን። ፊት ሆነህ የምትናገረው አንተ ነህ» አለኝ። «እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ልጅቱን አስከለክላችኋለሁ» ብለው፣ «ለእኔ ቆመሃል፤ ለልጄም ቁም» አለኝ። እሺ አልኩት።

የሰውን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ የሚቆም ሽማግሌ ቃሉ የሚታመን ነው። በዚህ አፌ እዚያ ደጃፍ ልቆም አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ ሁሩታ ሄድኩ። ጉደታ ግቢው ውስጥ ስንዴ እያስጫነ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከመንገዱ ጥያቄ እስከ መስኮቱ ድረስ ሁሉን ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ስለ እግሩ ያነሳል ብዬ ነበር።

እሱ ግን፣ «ራህመቶ ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«ያውቅ ነበር።»

«ከጦርነት ስመለስ» አለኝ፣ «ጋሪውን አቁሞ ‹ውጣ ልጄ፣ ላድርስህ› ይለኝ ነበር። ስሜን ስቶ ያስባረረኝ እሱ ነው ብዬ፣ በክራንች፣ በፀሐይ እየሄድኩ ፊቴን አዞርበት ነበር። ስንት ዓመት! ሲሞትም እያወቅሁ ቀብሩ አልቆምኩም።» ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። ጫኞቹ ቆመው ያዩናል።

ልነሳ ስል እንዲህ አለ፦ «የሳቁበት ግሩፑ ላይ ነው። እስከ ረቡዕ እዚያው ንገራቸው። ከነገርካቸው ሐሙስ ጠዋት ና። ካልነገርካቸው የልጄን ደጅ እንዳትረግጥ።»

«ከነገርኳቸውስ ይቅር ትለኛለህ?» አልኩት።

«ና ነው ያልኩህ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ረቡዕ ዛሬ ነው። ከምሳ በኋላ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ቀዳሁት። ሦስት ጊዜ ስጀምር ሦስቱንም በቀልድ ጀመርኩት፤ አጠፋሁት። አራተኛውን ላክሁ። ራህመቶ ስሙን እንዳልሳተ፣ የተሳሳተውን ስም እኔ አፉ ላይ እንዳኖርኩበት፣ ቅጽሉንም ያወጣሁለት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ከላክሁት ሁለት ሰዓት አለፈ። ማን እንደሰማው ስልኩ ያሳያል፤ ሠላሳ ሦስት ሰው ሰምቷል። ጉደታም አለበት። አንድም ሰው አልጻፈም።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሁሩታ እሳፈራለሁ። ንግግሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ቢሆን እንኳ ከኋላ እቆማለሁ። ብትደውዪ አታጽናኚኝ፤ ስለ ባልሽ ማንኮራፋት አውሪኝ።

ይኸው ሑስና መጣች። «አጎቴ፣ ዛሬ ሳያበሽቁኝ ሊሸኙኝ ነው?» አለችኝ። ሻንጣዋን አየሁ፣ ጫማዋን አየሁ። «በሰላም ግቢ» አልኳት።

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ፤ የምታምኚውን ሰው አያሳጣሽ፤ ያመነሽንም ሰው አያስበድልሽ።

አጎትሽ ኡበይደላ